የጀግናው ካባ ሲለወጥ

ተረት የሚሰማ ልጅ አንድ ጠባይ አለው። አያቱ ትናንት ማታ የነገረችውን ተረት ዛሬ ጥቂት ለውጣ ብትደግመው፣ «እንዲህ አይደለም! አስቀድሞ የመጣው ጅቡ ነው» ብሎ ያርማታል። ተረቱን የፈጠረው እርሱ አይደለም። ነገር ግን ደጋግሞ በመስማትና በመውደድ የራሱ አድርጎታል። ስለዚህም ሲለወጥበት ንብረቱ የተነካበት ያህል ይሰማዋል።

በአሜሪካ «ኮሚክስ» የሚባሉት የሥዕል ታሪክ መጽሔቶች አንባቢዎችም ከዚህ ልጅ ብዙም አይለዩም። እነዚህ መጽሔቶች ከሰው አቅም በላይ የሆነ ኃይል ስላላቸው ጀግኖች ይተርካሉ። አሳታሚዎቹ በየጊዜው የቆየውን ታሪክ አቋርጠው እንደ አዲስ ከቁጥር 1 ይጀምሩታል፤ ጀግናውን በሌላ ሰው ይተካሉ፤ ልብሱን፣ ዘሩን ወይም ሃይማኖቱን ይለውጣሉ። ያኔ ከአንባቢው ዘንድ ታላቅ ጩኸት ይነሣል።

«ይህ ጉዳይ መርጡለ ማርያም ያለነውን ሙስሊሞች ምን አገባን?» የሚል ወንድም አይጠፋም። እውነት ነው፤ በገበያችን ከጨውና ከአቡጀዲ አጠገብ እንዲህ ያለ መጽሔት የሚቸረችር የለም። ታሪኮቹ ግን ፊልም ሆነው፣ በስልክ መስታወት ላይ ተቆራርጠው ከልጆቻችን እጅ ይገባሉ። ከዚህም ሌላ፣ ባለፉት ዓመታት ከተነሡት ጩኸቶች ሁለቱ በቀጥታ እኛን የሚመለከቱ ነበሩ። በአንደኛው አንዲት ሙስሊም ልጃገረድ ጀግና ሆና ተሣለች፤ በሌላው ደግሞ አንድ ሙስሊም ሠዓሊ የቁርአን አንቀጽ ቁጥር በሥዕሉ ውስጥ ሸሸገ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ መመርመር ለወላጆች ይጠቅማል።

ከቁጥር 1 መጀመር ለምን አስፈለገ?

ሱፐርማን የወጣው እ.ኤ.አ. በ1938፣ ባትማን በ1939፣ «ኤክስ ሜን» የሚባለው የጀግኖች ቡድን በ1963 ነው። ይህን ሁሉ ዘመን የተጠራቀመ ታሪክ አዲስ አንባቢ ከየት ይጀምረው? አሳታሚውም ገበያው ሲቀዘቅዝበት መላ ይፈልጋል። ስለሆነም ዲሲ የተባለው አሳታሚ በ2011 ቆጠራውን ሁሉ ሰርዞ 52 መጽሔቶችን ከቁጥር 1 ጀመረ። በዚህ ጊዜ በ1996 የተጋቡት ሱፐርማንና ሎይስ ሌን ጋብቻቸው እንዳልነበረ ሆነ። አብሯቸው የኖረ አንባቢ ይህን እንደ ቤተሰብ ፍቺ ቆጥሮ አዘነ። በ2016 አሳታሚው ባለትዳሩን ሱፐርማን ከነሚስቱና ከነልጁ መልሶ አመጣው።

ከዚህ የምንረዳው የአንባቢ ቁጣ ሁሉ ክፋት አለመሆኑን ነው። ሰው በወደደው ነገር ላይ የመናገር መብት አለኝ ይላል። ደራሲውም የሚጽፈው የራሱን ብቻ ሳይሆን በብዙ ሰው ልብ ውስጥ የተቀመጠ አደራ ነው። ይሁን እንጂ ቁጣው ከምን እንደሚመነጭ መለየት ያስፈልጋል። «ታሪኩን አበላሻችሁብኝ» ማለት አንድ ነገር ነው፤ «እርሷ ከእኛ ወገን አይደለችምና ከዚህ ገጽ ላይ አትቁም» ማለት ሌላ ነገር ነው።

ከማላ ኻን

«ሚስ ማርቭል» በሚለው ስም ለብዙ ዓመታት ትታወቅ የነበረችው ካሮል ዳንቨርስ የተባለች ፀጉረ ወርቃማ ጀግና ነበረች። በ2012 እርሷ ሌላ ማዕረግ ይዛ ስሙን ለቀቀችው። በየካቲት 2014 ስሙን ይዛ ብቅ ያለችው ከማላ ኻን የተባለች፣ ወላጆቿ ከፓኪስታን የመጡ፣ በጀርዚ ሲቲ የምትኖር የ16 ዓመት ሙስሊም ልጃገረድ ናት። ደራሲዋ ኢስላምን የተቀበለችው ጂ. ዊሎው ዊልሰን፣ አርታኢዋ ሳና አማናት፣ ሠዓሊው አድሪያን አልፎና ነበሩ።

ወሬው ከተሰማበት ጊዜ ጀምሮ አንዳንዱ አንባቢ አንድ ገጽ እንኳ ሳያነብ ተቃወመ። ካሮል ዳንቨርስ ግን አልተባረረችም፤ እንዲያውም ከፍ ባለ ማዕረግ የራሷ መጽሔት ነበራት። ታዲያ ምን ተወሰደባቸው? በሌላ በኩል ብዙ አንባቢ መጽሔቱን በደስታ ተቀበለው፤ ቁጥር 1 ተደጋግሞ ታተመ፤ የመጀመሪያው ጥራዝ በ2015 ሁጎ የተባለውን ሽልማት አገኘ። በዚያው ዓመት ጥር ወር በሳን ፍራንሲስኮ አውቶቡሶች ላይ ከሂትለር ፎቶግራፍ ጋር ኢስላምን የሚያጥላሉ ማስታወቂያዎች ተለጥፈው ነበር። የማይታወቁ ሰዎች መጥተው በከማላ ሥዕል ሸፈኗቸው። የአንባቢ ፍቅር ከወረቀት ወጥቶ የሰው ክብር ጋሻ የሆነበት ጊዜ ነበር።

ድርሰቱ ራሱስ ምን ይመስላል? ጥንካሬው በቤት ውስጥ ነው። አባትየው ልጁን የሚጨቁን ጨካኝ ተደርጎ አልተሣለም፤ የሚሳሳላትና የሚመክራት ሰው ነው። ወንድሟ ዲነኛ ነው፤ ዲነኛ በመሆኑ ግን ወንጀለኛ አልተደረገም። ጓደኛዋ ናኪያ ሂጃብ ትለብሳለች፤ ለምን እንደምትለብስም ራሷ ታውቃለች። ከማላ ወደ መስጊዱ ሼህ ስትላክ አንባቢው ቁጣና ዛቻ ይጠብቃል። ሼሁ ግን የምትሠራውን ልትነግረው ካልፈለገች፣ በድፍረት፣ በሐቀኝነት፣ በርኅራኄና ራሷን በማክበር እንድትሠራው ይመክሯታል። በፊልምም ሆነ በመጽሐፍ የመስጊድ ሰው በመጣ ቁጥር ፈንጂ ማየት ለሰለቸው አንባቢ ይህች ገጽ ትልቅ እፎይታ ናት።

ከሁሉ የሚልቀው ግን ኃይሏን ባገኘች ጊዜ የሆነው ነው። ከማላ በመጀመሪያ የተመኘችው ካሮልን መምሰል ነበር፤ መሰለችም። ነገር ግን የሌላ ሰው ፀጉርና የሌላ ሰው ልብስ አልተመቻትም። በመጨረሻ በራሷ ፊት፣ ሙስሊም ሴቶች ለዋና ከሚለብሱት ልብስ በሠራችው መለያ ወጣች። ልጆቻችን ሌላውን ለመምሰል በሚሽቀዳደሙበት ዘመን ይህ ቀላል ትምህርት አይደለም።

እንከንም አለው። ታሪኩ የሚጀምረው ልጅቱ የአባቷን ትእዛዝ ጥሳ በሌሊት ሾልካ ስትወጣ ነው፤ ከዚያ በኋላም ምስጢሯን ለመጠበቅ ስትዋሽ እናያለን። ደራሲዋ ይህ ዋጋ እንደሚያስከፍል ብታሳይም፣ የልጆች አንባቢ ጀብዱውን ይዞ ዋጋውን ሊዘነጋው ይችላል። ደግሞም ጀግናዋ የአሳታሚው ሸቀጥ መሆኗን መዘንጋት አይገባም። በግንቦት 2023 ከማላን በራሷ መጽሔት ሳይሆን በሸረሪቱ ሰው መጽሔት ቁጥር 26 ውስጥ ገደሏት፤ ከሁለት ወር በኋላ መልሰው አስነሧት። ብዙ የወደዷት አንባቢዎች «ሞቷ እንኳ ለሌላ ሰው ኀዘን ማድመቂያ ሆነ» ብለው ተቆጡ። ይህ ቁጣ ተገቢ ነበር፤ የተቆጡት ለታሪኩ እውነት ነበርና።

በሥዕል ውስጥ የተሸሸገ ቁጥር

ወደ ሁለተኛው እንለፍ። በሚያዝያ 2017 «ኤክስ ሜን» እንደ አዲስ ተጀምሮ «ኤክስ ሜን ጎልድ» ቁጥር 1 ወጣ። ሠዓሊው አርዲያን ሲያፍ የተባለ ኢንዶኔዥያዊ ሙስሊም ነበር። ከሥዕሎቹ በአንደኛው ኮሎሰስ የተባለው ጀግና ደረት ላይ የሱረቱል ማኢዳህን 51ኛ አንቀጽ የሚያመለክት ጽሑፍ ነበረ፤ በሌላው ደግሞ 212 የሚል ቁጥር ነበረ። ሌላው ዓለም ሳያስተውል ያልፈው ነበር፤ የኢንዶኔዥያ አንባቢዎች ግን ወዲያው አወቁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንቀጹ ሙስሊሞች አይሁዶችንና ክርስቲያኖችን «አውሊያእ» አድርገው እንዳይዙ ይናገራል። ቃሉ አጋር፣ ጠባቂ፣ ወዳጅ ተብሎ ሊተረጎም የሚችል ሲሆን፣ ብዙ ሙፈሲሮች በጦርነት ጊዜ ከነበረ የቃል ኪዳን አጋርነት ጋር አያይዘው ያብራሩታል። በ2016 በጃካርታ ግን ክርስቲያኑ አገረ ገዥ አሆክ እንዳይመረጥ መከራከሪያ ሆኖ ነበር። 212 ደግሞ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 2 ቀን በእርሱ ላይ የተደረገውን ታላቅ ሰልፍ ያመለክታል። ይባስ ብሎ በሥዕሉ ላይ ኪቲ ፕራይድ የተባለችው አይሁዳዊት ጀግና የቆመችው ከጌጣጌጥ ሱቅ ሰሌዳ አጠገብ ሲሆን፣ ከቃሉ ጎልቶ የሚታየው «አይሁድ» የሚለው ክፍል ነበር።

ሠዓሊው ለክርስቲያንም ለአይሁድም ጥላቻ እንደሌለው ተናግሯል። ልቡን የሚያውቀው አላህ ነው። ሥራው ግን በፊታችን አለ። አሳታሚው ነገሩን ሳያውቅ እንደገባ ገልጾ ከሚቀጥሉት ኅትመቶች አወጣው፤ በቀናት ውስጥም ውሉን አቋረጠ። ከሁሉ አስቀድመው ካዘኑት መካከል የከማላ ደራሲ ዊልሰን ነበረች፤ ሙስሊም በመሆኗም አንቀጹ በዚህ መንገድ መያዙን በግልጽ ነቀፈች።

አንዳንድ ወንድሞች ያኔ «ለዲኑ ብሎ ተቀጣ» ብለው አሞግሰውታል። ለመሆኑ ዲኑ ምን አተረፈ? የተቀበለው ሥራ አማና ነበር። ያንን ገጽ ከእርሱ ጋር የሠሩት ሰዎች ሳያውቁ ስማቸው በማያምኑበት ነገር ላይ ዋለ። እምነቱን ሊናገር የፈለገ ሰው በአደባባይ፣ በስሙ ይናገራል። ለሁሉም በተዘረጋ ገጽ ላይ ሸሽጎ ማስገባት ግን እንግድነት በተጠራበት ቤት የአስተናጋጁን ድስት በስውር መክደን ነው።

የአንዲት ሱራ ሦስት አንቀጾች

ውድ አንባቢያን፣ እዚህ ላይ አንድ ልብ የሚነካ ነገር አለ። ከማላ ኻን በሁለተኛው ቁጥር ውኃ ውስጥ የወደቀች፣ ደግ ያልነበረችላትን ልጅ ለማዳን ስትጣደፍ ትዝ የሚላት አባቷ ያስተማራት አንድ የቁርአን መልእክት ነው። አንዲት ነፍስን ያዳነ የሰውን ዘር ሁሉ እንዳዳነ የሚቆጠርበት፣ የሱረቱል ማኢዳህ 32ኛው አንቀጽ ነው። ሠዓሊው የሸሸገው ቁጥር ደግሞ ከዚያችው ሱራ 51ኛው አንቀጽ ነው። ሁለት ሙስሊሞች ከአንድ ሱራ ተነሥተው፣ አንዲቱ ለሁሉ የሚበቃ ብርሃን አወጣች፤ ሌላው ጎረቤትን የሚያስበረግግ ምልክት።

በሁለቱ መካከል ዳኛ የሚሆነው የዚያችው ሱራ 8ኛ አንቀጽ ነው፤ ለሕዝብ ያለን ጥላቻ ከፍትሕ እንዳያወጣን፣ ፍትሕም ለተቅዋ የቀረበች መሆኗን ያስገነዝባልና። እንግዲህ ሚዛኑ ይህ ነው። ጀግናዋን መውደድ ያለብን ከእኛ ወገን ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ ሠዓሊውንም ከእኛ ወገን ስለሆነ ብቻ ልንከላከልለት አይገባም። ሙስሊም በመሆኗ ብቻ ከማላን የጠላ አንባቢና ሙስሊም በመሆኑ ብቻ ሲያፍን ያወደሰ አንባቢ የሚጠቀሙት አንድ ዓይነት ሚዛን ነው።

ማኢዳህ ማለት ማዕድ ነው። ሱራዋ ስሟን ያገኘችው የነቢዩ ዒሳ (ዐ.ሰ) ሐዋርያት ከሰማይ ማዕድ እንዲወርድላቸው ከለመኑበት ታሪክ ነው። ማዕድ ለይቶ አክብሮ መኖርን ደግሞ ጎጃሜ ከማንም አይማርም። ክርስቲያኑ ጎረቤት ልጁን ሲድር ሙስሊም አራጅ ጠርቶ፣ ድስቱን ለይቶ እንግዳውን ያስተናግዳል። ያ ድስት በእኛ እጅ ብቻ እንደተሠራ አምነን እንበላለን፤ ማንም ሰው በስውር እንዳልነካውም እናምናለን። ከከተማችን ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ጋር ስሟ የሚነሣው ንግሥት እሌኒም ከሐድያው ሙስሊም ገዢ ቤት የተወለደች ናት። የዚህ አገር ታሪክ የአንዱ ወገን ገጽ ብቻ ሆኖ አያውቅም። በቁጥር አናሳ ሆነን የምንኖር እኛ፣ በሌላው ገጽ ላይ በእውነት እንድንሣል እንሻለን። ታዲያ በእኛ እጅ የገባውን ገጽ እንዴት እናበላሻለን?

ለወላጆች

ልጆች ጀግና መፈለጋቸው አይቀርም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ብርቱ ማለት ታግሎ የሚጥል ሳይሆን በቁጣ ጊዜ ራሱን የሚገዛ መሆኑን አስተምረዋል። ልጅዎ ካባ ለባሽ ጀግና ሲያይ ስልኩን ከመቀማት በፊት አጠገቡ ይቀመጡና ይጠይቁት፤ «ይህ ጀግና ኃይሉን ለማን አዋለው? ሲቆጣ ምን አደረገ? ለጠላው ሰው ፍትሕ ሰጠ ወይ?» በእነዚህ ጥያቄዎች ያደገ ልጅ፣ የሚወደውን ታሪክ መመዘን ይችላል።

በአገራችንም ጅምር አለ። በሥራት ደበበ በ2018 በአማርኛና በእንግሊዝኛ ያወጣው «ጀምበር» በአዲስ አበባ ሥራ ሲፈልግ ኃይል ያገኘን ወጣት ይተርካል። ነገ ደግሞ ከመድረሳ ወጥታ በአባይ ዳገት ላይ ውኃ ቀድታ የምትመለስ የጎጃም ልጅ የታሪክ ባለቤት ትሆን ይሆናል። የሚጽፋት ከእኛ ልጆች አንዱ ከሆነ፣ እርሷን እንደ እውነተኛ ሰው፣ ክርስቲያን ጓደኛዋንም እንደ እውነተኛ ሰው አድርጎ ይሣላት። አንባቢዎቿ ከሁለቱም ቤት ይሆናሉና፣ ከመካከላቸው አንዱ ሥዕሉን ተመልክቶ የተሸሸገ ስድብ እንዳያገኝበት።

አላህ በቃላችንም በብዕራችንም ፍትሐዊ ያድርገን። አሚን።