ከፊልሙ የቀሩት ሁለት ልጆች

«ነገም ሌላ ቀን ነው»ን ያላነበበ እንኳ ስሙን ሳይሰማ አይቀርም። ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን እስር ቤት ሳለ፣ በሲጋራ ወረቀት ላይ እየጻፈ ወደ አማርኛ የመለሰው የማርጋሬት ሚሼል ልቦለድ ነው። እንግሊዝኛው የታተመው እ.ኤ.አ. በ1936 ሲሆን፣ በ1939 አራት ሰዓት ገደማ የሚፈጅ ፊልም ሆኗል። መጽሐፉን ያነበቡና ፊልሙን ያዩ ሰዎች ስለ ስካርሌት ኦሃራ፣ ስለዚያች የጆርጂያ ባሪያ አሳዳሪ ልጅ፣ ሲከራከሩ ሰምቻለሁ። አንዱ «ጀግና ናት» ይላል፤ ሌላው «ጨካኝ!»። እኔ እንደሚመስለኝ ግን የሚከራከሩት ስለ ሁለት ሴቶች ነው።

ልዩነቱ ከመልኳ ይጀምራል። ደራሲዋ ገና በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ስካርሌት ቆንጆ እንዳልሆነች ትነግረናለች፤ ፊልሙ ቪቪያን ሌይን ያመጣልናል። ይህንስ ለሲኒማ ወግ እንተውለት። በቀላሉ የማይታለፈው የልጆቿ ጉዳይ ነው።

በመጽሐፉ ስካርሌት ከሦስት ባሎች ሦስት ልጆች ትወልዳለች፤ ከቻርልስ ሃሚልተን ዌድን፣ ከፍራንክ ኬኔዲ ኤላን፣ ከሬት በትለር ቦኒን። ፊልሙ ያስቀረልን ቦኒን ብቻ ነው። ከሺህ ገጽ በላይ ያለው መጽሐፍ ሲቀረጽ አንዳንድ ነገር መቀነሱ ግድ ነው። ይሁንና ከዌድ ጋር አብሮ የወጣው ምንድን ነው?

ዌድ እናቱን የሚፈራ ልጅ ነው። አትላንታ በተከበበች ጊዜ በፍርሃት ሲርድ፣ ወደ ታራ በሚሸሹበትም ጋሪ ላይ ሲያለቅስ እናየዋለን። ስካርሌት ቤተሰቡን ከረሃብ ለማውጣት የማትሆነው የለም። ለዚህ ልጅ ግን ቁጣ እንጂ ትዕግሥት የላትም። የእንጀራ አባቱ ሬት ዌድን ሲያቀርበው ስናይ ደግሞ የእናቱ ርቀት ይበልጥ ይጎላል። ከባድ ሐሳብ በመጣባት ቁጥር ለነገ ማሳደር ልማዷ ነው። በፊልሙ የዚህን ልማድ ዕዳ በአብዛኛው የምትከፍለው ራሷ ናት። በመጽሐፉ ግን ከእሷ ጋር አንድ ሕፃንም ይከፍላል።

ፊልሙ ልጆቹን በማስቀረቱ ስካርሌትን ጠቀማት ብቻ እንዳንል፣ በድሏታልም። በመጽሐፉ «ከእንግዲህ አልወልድም» ብላ የምትቆርጠው ሦስት ጊዜ አምጣ ከወለደች በኋላ ነው። በፊልሙ ይህንኑ የምትወስነው በመጀመሪያ ልጇ ላይ ነውና፣ የወገቧ መስፋት ብቻ ያስጨነቃት ሴት ትመስላለች። የሦስት ወሊድ ድካም በአንድ ጊዜ ወደ ከንቱ ውበት ወዳድነት ተለወጠ ማለት ነው።

ሜላኒ በሞት አልጋዋ ላይ ልጇን አደራ የምትለው ለስካርሌት ነው። ፊልሙን ስናይ እንባችን ይመጣል። መጽሐፉን ስናነብ ግን ከእንባው ጋር አንድ ጥያቄ ይከተላል፤ የራሷንስ ልጅ ማን አደራ ይበላት?

ፊልሙ ሲያልቅ ልጇን የቀበረች፣ ባሏ ጥሏት የሄደ ብቸኛ ሴት ትቀርና እናዝንላታለን። መጽሐፉን ስንዘጋ ዌድና ኤላ በሕይወት አሉ። የአማርኛው ርዕስ በብዙዎቻችን አንደበት የተስፋ ቃል ነው፤ ለስካርሌትም ተስፋ መሆኑን አልክድም። ዌድ ያን ነገ ስንት ዓመት እንደጠበቀ የሚነግረን ግን መጽሐፉ ብቻ ነው።