ብሩ ምን ይልበስ?

አንዳንዱን የድሮ የአንገት መስቀል ሲገለብጡት ጀርባው ላይ የንግሥት ማርያ ትሬዛ ጉንጭ ወይም የጠገራ ብሯ የዳር ጽሕፈት ቁራጭ ብቅ ይላል። አንጥረኛው ብሩን አላቀለጠውም። ጠገራውን እንዳለ ይዞ ክንዶቹን በሞረድ አወጣ፣ ፊቱን ቀረጸ፣ ጀርባውን ግን የብሩ እማኝ እንዲሆን ተወው። መስከረም 21 ቀን አምባሰል ላይ ግሸን ማርያም የሚወጣ ምእመን በአንገቱ እንዲህ ያለ ቅርስ ይዞ ሊሆን ይችላል። ከሐይቅ ወይም ከውጫሌ ወጥቶ አዲስ አበባ የከተመ ልጅም ለበዓል ሲመጣ እናቱ አንገት ላይ ያየዋል። «እማዬ፣ ፒያሳ ወስጄ ወርቅ ቅብ ላስቀባልሽ?» ይላታል። በፍቅር የተባለ ነገር ነው፤ ግን እሺ ከመባሉ በፊት መስቀሉን ጠጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

መጀመሪያ ብሩን። የማርያ ትሬዛ ጠገራ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከ1000 እጅ 833ቱ ብር ነው፣ የቀረው በአብዛኛው መዳብ። ዳግማዊ ምኒልክ ፓሪስ ያስመቱትም ብር 835 ነበር። ዛሬ በየጌጥ ቤቱ «925» ተብሎ የሚሸጠው ስተርሊንግ ከሁለቱም የጠራ ነው። ስለዚህ የጠገራ ብር ጌጥ ከአዲሱ ይልቅ ሞቅ ያለ መልክ አለው፣ መዳቡም ስለሚበዛ ቶሎ ይጠቁራል። ጥቁረቱ ግን ጉዳት ብቻ አይደለም። በቅርጹ ጉድጓድ ውስጥ ሲቀር መስመሩን ያጎላዋል፤ ከፍ ያለው ቦታ ደግሞ በልብስና በጣት እየታሸ ይነጣል። የቀራጩ እጅ የሚነበበው በዚህ ብርሃንና ጥላ ነው።

የብር ክር ሥራን ደግሞ ተመልከቱ። ቀጭን ሽቦ ሁለት ሁለት ይገመዳል፣ ይጠፈጠፋል፣ ተጠማዞ በክፈፉ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ይበየዳል። ጤፍ የሚያካክሉት እንክብሎች የሚገኙት ከተቆራረጠ ሽቦ ነው፤ ቁራጩ ከሰል ላይ ሲቀልጥ ራሱን አድቦልቡሎ ይቀመጣል። ጥሩ ሠራተኛ ብየዳውን ከእንክብሉ ሥር ብቻ ያስቀረዋል፤ ደካማው በክሮቹ መካከል ያለውን ክፍት ቦታ በብየዳ ይደፍነዋል። አጉሊ መነጽር ይዞ ይህን ማየት ለእኔ ትልቅ ደስታ ነው። ቅብ እዚህ ላይ ሁለት ፊት አለው፤ የብየዳውን የቀለም ልዩነት ይሸፍናል፣ የተደፈነውን ክፍተት ግን አይከፍተውም።

ከቅቡ ይበልጥ የሚያሰጋኝ ከቅቡ በፊት ያለው ሥራ ነው። ጌጡ የቅቡ ፈሳሽ ውስጥ ከመነከሩ በፊት እንዲያብረቀርቅ በሚሽከረከር ብሩሽና በማለስለሻ ይወለወላል። ያ ብሩሽ አዲስ ቀለበትን ያሳምራል፤ የመቶ ዓመት ቅርጽን ግን ጠርዙን ይበላዋል። ስለታም የነበረው መስመር ዶልዱሞ ይወጣል፣ ላዩ ላይ የሚፈሰው ወርቅም የዶለዶመውን መስመር ይከተላል። ከጠገራ የተቆረጠ መስቀል ከሆነ ንግሥቲቱም አብራ ትጠፋለች። የድሮውን ሥራ አታስቀቡ የምለው ለዚህ ነው።

አዲስ ለሚሠራ ጌጥ ነገሩ ሌላ ነው። ወርቅ ቅብ ሲባል ውፍረቱን መጠየቅ ይገባል። በአሜሪካ የንግድ ደንብ በወርቅ የተለበጠ ስተርሊንግ «ቨርሜይ» ለመባል ቢያንስ 2.5 ማይክሮን ወርቅ ያስፈልገዋል፤ አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ለአንድ አፍታ ብቻ ተነክሮ የወጣው ቅብ ከዚያ በብዙ እጅ ይሳሳል። ከሥር ያለው ብር በሳሳው ወርቅ ውስጥ ቀስ በቀስ ሰርጎ ላዩ ላይ ይጠቁራል። ይህን ለማገድ አንዳንዶች በመካከል ኒኬል ያስገባሉ። ኒኬል ግን የብዙ ሰው ቆዳ ያሳክካል፤ በተለይ ለጉትቻ ፓላዲየም ይሻላል።

ኤሌክትሪክ የሚያለብሰው ወርቅ ደግሞ ሁሉንም ቦታ እኩል አይደርስም። ጫፍና ጉብታ ላይ ይበዛል፣ ጉድጓድ ውስጥ ያንሳል። እንግዲህ ለክር ሥራ የማይመች፣ ለሰፊና ለስላሳ አምባር ግን የተመቸ ነው። ጥንት በሌላው ዓለም ወርቅን በሜርኩሪ ለውሰው ይቀቡና በእሳት ሜርኩሪውን ያተኑት ነበር፤ ወፍራምና ውብ ቅብ ይወጣዋል፣ ጢሱ ግን የሠራተኛውን ጤና ይጎዳል። ማንም እንዲሞክረው አልመኝም።

ከወርቅ ሌላ የሚቀባው ሮዲየም የፕላቲኒየም ዘመድ ነው። ብርን ከመጥቆር ይጠብቃል፣ ጠንካራም ነው። እጇን በረኪና ውኃ ውስጥ ለምታገባ ሴት ቀለበት ይህ ቁም ነገር ነው፤ በረኪና ባዶ ብርን ያጠቁራል። ቀለሙ ግን ቀዝቃዛ ነው። ጥላውን ሁሉ ከጉድጓዱ ስለሚያስወጣው ቅርጽ የበዛበትን ሥራ ያፈዘዋል። ሲላጥም በከፊል ነው የሚላጠው፣ የቀረውን በአሲድ ማንሣት ደግሞ አስቸጋሪ ነው። ፈርጥ ላለው ልሙጥ ቀለበት እቀበለዋለሁ፤ ለመስቀልና ለአልቦ አልቀበለውም።

የምወደው ቅብ ከውጭ የማይመጣው ነው። መዳብ ያለበት ብር በእሳት ሲግል ላዩ ላይ ያለው መዳብ ይቃጠላል፤ ለስለስ ያለ አሲድ ውስጥ ሲገባ የተቃጠለው መዳብ ይሟሟና ንጹሕ ብር ብቻ ይቀራል። ደጋግሞ ላግለውና ላጠበው አንጥረኛ ጌጡ ወተት የመሰለ፣ ያልተብረቀረቀ ነጭ ቆዳ ያወጣል። ብር በራሱ ብር ተለበጠ ማለት ነው። ከፍ ያሉትን ጠርዞች ብቻ በለስላሳ ብረት ሲያሻቸው ያበራሉ፣ ሜዳው ነጭ እንደሆነ ይቆያል፤ ቅርጹም አይነካም። ይህ ቆዳ ስስ ስለሆነ በአመድ ወይም በጥርስ ሳሙና መፈተግ የለበትም፤ ለብ ባለ የሳሙና ውኃና በለስላሳ ጨርቅ ይበቃዋል። ቢነሣም አንጥረኛው መልሶ ያግለዋል፣ ከውጭ የሚጨምርበት ነገር የለም።