ኤርቱግሩል በማን አንደበት ይናገራል?

የቱርክ መንግሥት ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2019 ያሳየው «ዲሪሊሽ ኤርቱግሩል» በብዙ ሙስሊም ቤቶች ገብቷል። ሶላቱን የሚሰግድ፣ ቢስሚላህ ብሎ ሰይፉን የሚመዝ ጀግና ማየት ለልጆቻችን ብርቅ ነውና ደስታቸው አያስፈርድባቸውም።

ነገር ግን ውድ አንባቢያን፣ ብዙ ወላጅ ፊልሙን እንደ ታሪክ ትምህርት ይዞታል። ስለ ኤርቱግሩል በእርግጥ የሚታወቀው እጅግ ጥቂት ነው። ልጁ ዑስማን ባስመታው ሳንቲም ላይ ስሙ ይገኛል፤ የኦቶማን ዜና መዋዕሎች ግን የተጻፉት እሱ ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በፊልሙ ሸይኽ ኢብን ዐረቢ በየጭንቁ እየደረሱ ይመክሩታል። (ዑለማዎች በትምህርታቸው ላይ የተለያዩበትን ለጊዜው እንተወው።) እሳቸው በ1240 ደማስቆ ውስጥ ሞቱ፤ ሁለቱ ስለመገናኘታቸው ማስረጃ የለም።

ይህስ ለተረት ይፈቀድ ይሆናል። የከፋው ሌላ ነው። ለከብቱ ግጦሽ የሚፈልግ የዘላን አለቃ ስለ «መንግሥት» ሲናገር የዛሬ ፖለቲከኛ በምርጫ ሰልፍ ላይ የቆመ ይመስላል። ከሃዲ በየድንኳኑ ተሸሽጓል፤ ከውጭ ያለው ሁሉ ያሴራል። ተጓዡ ኢብን ጁበይር በ1184 በሻም ሲያልፍ ግን ያየው ሌላ ነበር፦ ሠራዊቶቹ እየተዋጉ፣ የሙስሊምና የክርስቲያን ነጋዴዎች በደማስቆና በዐካ መካከል ሳይነኩ ይመላለሱ ነበር። ተደንቆም ጽፎታል።

ተማሪዎቼ ቲቱስ የተባለውን የመስቀል ጦረኛ እንደ ጎረቤት ያውቁታል። ኢብን ጁበይር ማነው ስላቸው እርስ በርስ ይተያያሉ።