«ተመጣጣኝነት» ወይስ «ሲሜትሪ»? በፔሮቭስካይት ክሪስታል የተፈተነ የስያሜ ጥያቄ

ለአንድ የሳይንስ ቃል የአማርኛ አቻ ሲፈለግ ሥርወ ቃሉን ተከትሎ መተርጐም የተለመደ ዘዴ ነው። ሲሜትሪ በግሪክ «አብሮ» እና «ልክ» ከሚሉ ሁለት ቃላት የተገኘ ስለ ሆነ፣ «መጠነ» ከሚለው ግስ የሚወጣው «ተመጣጣኝነት» እንደ ትክክለኛ አቻ መቅረቡ አያስደንቅም። ስለ ሕንፃ ወይም ስለ ሰው ቁመና ሲነገር እኛም አንቃወመውም። የክሪስታልን አሠራር ለማስረዳት ሲሰለፍ ግን አንባቢውን ያሳስታል።

በሳይንሱ ዘንድ ሲሜትሪ ማለት አንድ ነገር ከዞረ ወይም ከተገለበጠ በኋላ መልሶ ከራሱ ጋር መግጠሙ ነው። ከፊደላችን ምሳሌ እንውሰድ። የብዕሩን ውፍረትና ቅጥነት ትተን «ዐ»ን እንደ ፍጹም ክብ ብንቆጥረው፣ የቱንም ያህል ቢዞር ያው «ዐ» ነው። በጐኑ ጭረት ጨምረን «ዑ» ስናደርገው ግን ማዞሩ አይሠራም፤ የላዩ ግማሽ በታቹ ላይ ሲታጠፍ ብቻ ይገጥማል። ክቡ አልተጣመመም፤ ልኩም አልተለወጠም። የጐደሉት ቀድሞ ይፈቀዱ የነበሩት ክንዋኔዎች ናቸው።

ፔሮቭስካይት በ1839 እ.ኤ.አ. ጉስታቭ ሮዘ ከኡራል ተራሮች በተገኘ ናሙና ለይቶ የገለጸውና በሩሲያዊው ሌቭ ፔሮቭስኪ ስም የሰየመው የካልሲየም፣ የቲታኒየምና የኦክሲጅን ማዕድን ነው። ዛሬ ስሙ ተመሳሳይ የአቶሞች አደራደር ላላቸው ቁሶች ሁሉ ይነገራል። አንድ ቲታኒየም በስድስት ኦክሲጅኖች ተከቦ ባለ ስምንት ገጽ ቅርጽ ይሠራል፤ ቅርጾቹ በማእዘኖቻቸው እየተያያዙ ይዘረጋሉ፤ ካልሲየሙ በመካከላቸው ባለው ክፍተት ይቀመጣል። አደራደሩ በተሟላ መልኩ ኩብ ሲሆን 48 ክንዋኔዎች አሉት፤ ማለትም የአቶሞቹን አደራደር ሳይለውጡ በ48 መንገድ ማዞር፣ በመስተዋት ማየት ወይም በማእከሉ በኩል መገልበጥ ይቻላል። ካልሲየም ግን ለክፍተቱ ትንሽ ነው። ስለዚህ ባለ ስምንት ገጾቹ ቅርጻቸውን እንደ ጠበቁ ማለት ይቻላል፣ ዘመም ዘመም ብለው ክፍተቱን ያጠባሉ። ማእዘን ስለሚጋሩ አንዱ ወደ ቀኝ ሲዘም ጐረቤቱ ወደ ግራ ይገደዳል። በዚህ ምክንያት ማዕድኑ በተራ ሙቀት 8 ክንዋኔዎች ብቻ ይቀሩታል፤ ወደ 1,300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሞቅ ኩብነቱን ይይዛል።

አሁን ባሪየም ቲታኔትን እንመልከት። ባሪየም ትልቅ ስለ ሆነ መዝመም የለም፤ ከ120 ዲግሪ ገደማ በታች ቲታኒየሙ ራሱ ከማእከሉ ወደ አንድ ወገን ፈቀቅ ይላል። የሚቀሩትም ክንዋኔዎች እንዲሁ 8 ናቸው። ይሁን እንጂ እነዚያው 8 አይደሉም። በመጀመሪያው ማዕድን በማእከል በኩል መገልበጥ ይፈቀዳል፤ በሁለተኛው አይፈቀድም፤ ስለዚህም ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ዋልታ ሲኖረው የመጀመሪያው የለውም። ተርጓሚው ስለ ሁለቱም «ሲቀዘቅዝ ተመጣጣኝነቱን ያጣል» ብሎ ቢጽፍ ዐረፍተ ነገሩ ሰዋስዋዊ ጉድለት የለበትም፤ አንባቢው ግን በሁለቱም ዘንድ ቅርጾቹ የተዛቡ ይመስለዋል፣ የሁለቱም ልዩነት ይሰወርበታል።

ጉድለቱ ከእርባታም ይመጣል። ሳይንሱ እየቈጠረ ነው የሚናገረው። ለምሳሌ ግሌዘር በ1972 ባለ ስምንት ገጾቹ ሊዘሙ የሚችሉባቸውን 23 ሥርዓቶች ዘርዝሮ ነበር፤ ሃዋርድና ስቶክስ በ1998 ክንዋኔዎቹን በመመርመር በሲሜትሪ የሚለዩት 15 ብቻ መሆናቸውን አሳዩ። «ስምንት ተመጣጣኝነቶች» የሚል አማርኛ ግን ጆሮ አይቀበለውም፤ በ«-ነት» የሚያልቅ ስም ለቈጠራ አይመችምና። «ተመሳሳይነት» የተባለውም አማራጭ ይኸው ችግር አለበት፤ በዚያ ላይ በጂኦሜትሪ ሌላ ሥራ ይዟል።

በእኛ አስተያየት «ሲሜትሪ» በውሰት ይቀመጥ፤ የሚቈጠረው «የሲሜትሪ ክንዋኔ» ይባል፤ ፍቹም «ገጠመ» በሚለው ግስ ይሰጥ። የውሰቱ ቃል ለጀማሪ ተማሪ ምንም ስሜት እንደማይሰጥ አንክድም። ቢሆንም ባዶ ዕቃ የተሳሳተ ነገር ከተሞላበት ይሻላል፤ ፍቹ ይሞላዋልና።

ተጓዳኝ ቃላቱም ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። የባለ ስምንት ገጹ ሁኔታ «መዝመም» እንጂ «መጣመም» ሊባል አይገባም፤ የተጣመመ ዘንግ ራሱ ቀጥታነቱን አጥቷል፣ የዘመመ ምሰሶ ግን ቀጥ እንዳለ ነው። ፈረንጆቹ «ሲሜትሪው ተሰበረ» የሚሉትንም እንዳለ ብንገለብጠው ተማሪው ክሪስታሉ የተሰነጠቀ ይመስለዋል። «ጐደለ» ብንል፣ የትኛው ክንዋኔ እንደ ጐደለ መናገር ግድ ይሆናል።