ያልተጻፈችው ዐማራት

የሱዳናዊው ደራሲ የጠይብ ሳልህ «ወደ ሰሜን የፍልሰት ወቅት» በ1966 እ.ኤ.አ. ከታተመ ወዲህ፣ ብዙ ሐያስያን ዓይናቸውን የጣሉት በለንደን ላይ ነው። እኛ ግን አንባቢያን ወደ ዋናው ገጸ ባሕርይ ትውልድ መለስ እንዲሉ እንጠይቃለን። ሙስጠፋ ሰዒድ በ1898 ካርቱም ተወለደ። አባቱ በግብፅና በሱዳን መካከል ከሚኖሩት ከዐባብዳዎች ወገን፣ እናቱም ከደቡብ የመጣች ባሪያ እንደ ነበሩ በልቦለዱ ይነገራል። ካርቱም ማለት ይህች ናት፤ ወድዶ በመጣና ተነድቶ በመጣ ሕዝብ የቆመች ከተማ። ደራሲው ግን ይህን በጥቂት ቃላት ነክቶ ያልፋል፤ ድክመቱ እዚህ ላይ ነው።

የእኛስ ብዕር? ከ1974 እ.ኤ.አ. አብዮት ወዲህ የተሰደደው ወገናችንም ከዚያው ሕዝብ ተቆጥሯል። ቁጥር በተሰጣቸው የዐማራት መንገዶች ስንቶቻችን የሰው ልጅ አሳደግን፣ ወጥ ሠራን፣ ቡና አፈላን! ለዚህ ጽሑፍ የሚላኩልን ግጥሞች ግን ስለ ዓባይ መነሻ እንጂ፣ ነጭና ጥቁር ዓባይ ስለሚገናኙባት ከተማ አንዲት ስንኝ የላቸውም።

በሚያዝያ 2023 እ.ኤ.አ. የተነሣው ጦርነት የዐማራትን ነዋሪ በትኗል። ቤቱ አንድ ቀን በባለቤቱ ስም ይታደስ ይሆናል። የሠራተኛዋ ድካም ግን ካልተጻፈ ማን ያስታውሰዋል? እባካችሁ፣ ጻፉልን።