የገመዱ ሌላኛ ጫፍ፦ በቤይሩት ስለሞተ ውሻ፣ ስለ ሃራምና ስለ እርም

ቤይሩት ውስጥ መኪና ውሻ ወይም ድመት ሲገጭ በአካባቢው ካለው ሰው አፍ የሚወጣው ቃል አንድ ነው፤ «ያ ሃራም!» አረብኛን ከሃይማኖት ትምህርት ብቻ የሚያውቅ ሰው ግራ ይገባዋል። ሃራም ክልክል ማለት አልነበረም እንዴ? ሊባኖሶች ግን ለሚያሳዝን ነገር ሁሉ፣ ወላጁን ላጣ ልጅም ኑሮው ለወደቀበት ጎረቤትም፣ «ምስኪን፣ አንጀት ይበላል» ለማለት ይጠሩታል። የእኛው «እርም» የዚሁ ሥር ልጅ ነው፤ በግዕዙ ሕርም። እርም የማይቀመስ ምግብ ነው፤ እርም ደግሞ ላልተለቀሰለት ሟች በዘመዱ ላይ ያደረ ዕዳ ነው። መርዶ ሳይደርሰው የሚበላ ሰው እርም ይበላል፤ የሰማ ዕለት አልቅሶ እርሙን ያወጣል። አንድ ሥር ቤይሩት ላይ የሐዘኔታ ቃል፣ ወሎ ላይ የለቅሶ ግዴታ ሆኖ ቀርቷል። ሁለቱ ቃላት በአንድ ውሻ ሬሳ ላይ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን የተረዳሁት ከአንዲት የአገሬ ልጅ ነው።

ሴትየዋ ደሴ አካባቢ ያደገች ናት፤ ስሟ እንዲነሳ አልፈለገችም። የተገናኘነው ዶራ ሠፈር፣ እሑድ ከሰዓት፣ ሀበሾች ቡና በሚያፈሉበት ጠባብ ቤት ነው። ዛሬ «ፍሪ» ናት፤ ክፍል ተከራይታ በሰዓት ትሠራለች። ነገሩ የደረሰው ግን አሽረፊዬ ሠፈር፣ በአሠሪ ቤት በኮንትራት ሳለች ነው። ውሻው ነጭ ካኒሽ ነበር፤ ሊባኖሶች ፑድልን የሚጠሩት በፈረንሳይኛው ነው። አሠሪዋ ማዳም «ሚኖ» ትለዋለች፤ እሷ ከማዳም ጆሮ ስትርቅ «ቡቺ»። ለሁለቱም ስም ጭራውን ይቆላል።

ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ይዛው ወርዳለች። የቤይሩት የእግረኛ መንገድ የእግረኛ ነው ማለት ቀልድ ነው፤ ግማሹን የቆመ መኪና፣ ግማሹን ጄኔሬተርና የአበባ ገንዳ ይዞታል። ሁለቱም እንደ ወትሯቸው አስፋልቱ ላይ ወጡ። በተቃራኒ አቅጣጫ የመጣ ሞተር ሳይክል አፍንጫቸው ሥር ሲያልፍ ውሻው ደንግጦ ወደ ኋላ ተሳበ፤ ጭንቅላቱ ከአንገት ማሰሪያው ሾልኮ ወጣ፤ ከኋላ የነበረችው መኪና ፍሬን ለመያዝ እንኳ ጊዜ አላገኘችም። «ገመዱ እጄ ላይ ነው» አለችኝ። «አልለቀቅኩትም እኮ፣ ወንድሜ። ጫፉ ላይ ግን እሱ የለም።» ደሙ ብዙ አልነበረም። የአንገቷን ሻርፕ አውልቃ ጠቀለለችው። መብራት ጠፍቶ አሳንሰሩ ስለቆመ አምስት ፎቅ በእግሯ ወጣች። «የተኛ ሕፃን እንዴት እንደሚከብድ ታውቃለህ? እንደዚያ ነው የከበደኝ። ሙቀቱ ገና አልወጣም።» ታች የቀሩት ሰዎች «ያ ሃራም» ይሉ ነበር። አንድ ባለሱቅ የታሸገ ውሃ ይዞ ሮጦ መጣ፤ የምትቀበልበት እጅ ግን አልነበራትም።

ይህን ታሪክ በሊባኖስ ስላሉ የቤት ሠራተኞች ከተጻፈው ጋር ላስቀምጥ ብዬ ቦታ አጣሁለት። የተጻፈው ትንሽ ሆኖ አይደለም። ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በኦገስት 2008 ባወጣው መግለጫ፣ ከጃንዋሪ 2007 ወዲህ ቢያንስ 95 የውጭ አገር የቤት ሠራተኞች መሞታቸውን፣ 40ው ራስን ማጥፋት ተብሎ መመዝገቡን፣ 24ቱ ደግሞ ከፎቅ ወድቀው መሞታቸውን ገልጿል። የካሮል ማንሱር የ2005 ዘጋቢ ፊልም አለ፤ የማሄር አቢ ሳምራ የ2016ቱ አለ። ሁሉም በደልን ይመዘግባሉ፤ መመዝገብም አለባቸው። ውሻ እንዲህ ባለው ሥራ ውስጥ ብቅ ሲል ግን ሁልጊዜ ሚዛን ሆኖ ነው፤ የሴትየዋን ዋጋ ማነስ ማሳያ። በሴቶቹ ወግ ውስጥም ይህ ንግግር የታወቀ ነው፦ የውሻው የክትባት ደብተር ሳሎን ላይ ተቀምጧል፣ የእኔ ፓስፖርት ማዳም ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል።

ንግግሩ መሠረት አለው። የ1946ቱ የሊባኖስ የሠራተኛ ሕግ በ7ኛው አንቀጹ የቤት ሠራተኛን ከነጭራሹ አስወጥቷታል። እንስሳትን የሚጠብቀው ሕግ ቁጥር 47 ግን እ.ኤ.አ. በ2017 ጸድቋል። ለቤት ሠራተኞች በሴፕቴምበር 2020 የተሻሻለ የሥራ ውል ወጣ ሲባል በወሩ የአገሪቱ ከፍተኛ አስተዳደራዊ ፍርድ ቤት አገደው። በ2006ቱ ጦርነት ማግስት ወደ 300 የሚጠጉ ውሾችና ድመቶች ከቤይሩት በአውሮፕላን ወደ አሜሪካ ተወስደዋል፤ በዚያው ጦርነት አሠሪዎቻቸው ቆልፈውባቸው የሄዱ ሴቶች ነበሩ። ይህን እያወቀ የማይቆጣ ሰው የለም።

ቢሆንም ንጽጽሩ አይጥመኝም። አንደኛ፣ ውሻውን የአሠሪው ተባባሪ ያደርገዋል። ሁለተኛ፣ እውነቱ እንደዚያ ቀጥ ያለ አይደለም። ከ2019 ወዲህ የሊባኖስ ገንዘብ ሲወድቅ ከውጭ የሚመጣው የውሻ ምግብ ዋጋ ሰማይ ነካ፤ ዘር ያላቸው ውሾች ሳይቀሩ መንገድ ላይ ተጣሉ። በጁን 2020 ደግሞ አሠሪዎች ሴቶቻችንን ከነሻንጣቸው ሀዝሚዬ በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ እያራገፉ ሄዱ። በ2024 መገባደጃ የቤይሩት ደቡባዊ ዳርቻ ዳሂዬ በቦምብ ስትደበደብ በባዶ አፓርታማ የቀሩ ድመቶችና ውሾች ነበሩ፤ በባዶ አፓርታማ የቀሩ፣ ወይም የባሕር ዳሩ መንገድ ኮርኒሽ ላይ ባሕሩን አጠገባቸው አድርገው ያደሩ ሴቶችም ነበሩ። ሚዛኑ ሲሰበር ሁለቱም ሳህኖች አብረው ወድቀዋል።

ቻይና ተወልዶ አሜሪካ ያስተማረው የመልክዓ ምድር ምሁር ዪ-ፉ ቷን በ1984 የቤት እንስሳ እንዴት እንደሚፈጠር የሚመረምር መጽሐፍ አሳትሟል። ነገሩ በአጭሩ ይህ ነው፦ የበላይነት ብቻውን ሲሆን ተጎጂን ያወጣል፣ ፍቅር ሲቀላቀልበት የቤት እንስሳን። ቷን ይህን የሚለው ስለ ውሻ ብቻ አይደለም፤ ስለ ባሪያና አሽከርም ጭምር ነው። «እንደ ልጃችን ናት» የሚለውን የአሽረፊዬ አነጋገር ከዚህ የተሻለ የሚተነትን አላየሁም። ኬኔት ዶካ በ1989 ስለ ሐዘን ባሳተመው መጽሐፍ ደግሞ ማኅበረሰቡ ዕውቅና የሚነፍገውን ሐዘን ስም ሰጥቶታል፤ ለቤት እንስሳ ማዘን ከዋና ምሳሌዎቹ አንዱ ሆኗል። ሁለቱም ግን የኛን ሴት አያገኟትም። ዶካን ይዞ ለሚያነብ ሰው ሐዘንተኛው ባለቤቱ ነው፤ ገመዱን የያዘችው አትታይም። ቷን ደግሞ ውሻውንና ሠራተኛዋን በአንድ እጅ ሥር ያስቀምጣቸውና እርስ በርሳቸው ምን እንደሚባባሉ ሳይሰማ ያልፋል።

የሚባባሉትስ ምንድን ነው? እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ኮንትራት ቤት ያለች ሴት በሯ ብዙ ጊዜ በሰው ፈቃድ የሚከፈት ነው። ቆሻሻ ለመጣል ትወርዳለች፣ አንዳንዴ ሱቅ ትላካለች። ውሻ ያለበት ቤት ከሆነ ግን ጠዋትና ማታ መውጣት ግድ ነው፤ የውሻው ሽንት የእሷ የይለፍ ወረቀት ነው። ባለታሪካችን በዚህ ወረቀት የቅዱስ ኒቆላዎስ አትክልት ሥፍራ አጠገብ ትደርሳለች። እዚያ ሌሎች ሁለት ሀበሾች፣ እነሱም ውሻ ይዘው፣ ይጠብቋታል። ውሾቹ ሲሸታተቱ ሴቶቹ ወሬ ይለዋወጣሉ፦ የትኛው መክተብ፣ የትኛው አስቀጣሪ ቢሮ ማለት ነው፣ ክፉ እንደሆነ፣ ማን ደመወዟ ስንት ወር እንደዘገየ፣ ማን ከቤት እንደወጣች። አንዷ የታመመች ጊዜ ገንዘብ ያዋጡት እዚያው ቆመው ነው። ሦስት ሴቶች በሦስት ውሾች ዕድር አቋቁመው ነበር ብል የተጋነነ አይመስለኝም። በሩቅ የሚያይ ሰው ግን የማዳሞችን ውሾች የሚያናፍሱ ሦስት ጥቁር ሴቶችን ብቻ ነው የሚያየው።

እንግዲህ ያን ዕለት መኪናዋ የወሰደችው ውሻውን ብቻ አይደለም። ማዳም በሩን ከፍታ መጀመሪያ የተናገረችው «ወይን ኪንቲ?» ነበር፤ የት ነበርሽ? «አብሬው» አለች። መልሱ እውነት ነው፤ አልጠቀማትም እንጂ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መውረጃ ምክንያት የለም። ሁለቱ ጓደኞቿ ለምን እንደጠፋች ያወቁት ከሳምንታት በኋላ፣ ቆሻሻ ልትጥል የወረደች ዕለት ነው። የቤቱ ሰዎች ሲበሉ አብሯት የሚያይ፣ ኩሽና ውስጥ እግሯ ላይ የሚተኛ፣ ሌሊት በስልክ ስትነጋገር ጆሮውን የሚያቆም አንድ ፍጡርም የለም።

በኛ አገር ባላገሩ ለውሻ አያለቅስም፤ ይህን መሸፋፈን አያስፈልግም። ውሻ ደጅ ያድራል፣ አጥር ይጠብቃል፣ ሲሞት ገደል ወይም ጉድጓድ ነው። «የውሻ ሞት» ስድብ ነው። ግን ከዚህ ጎን ለጎን ሌላ ነገር አለ። ለጎረቤት ፊት ለፊት የማይነገረውን ነገር ለውሻ ስም አድርጎ በየማታው ጮክ ብሎ መጣራት የቆየ ልማድ ነው፤ ውሻው የባለቤቱን ያልተነገረ ቃል ተሸክሞ ይዞራል። ቤተ ክርስቲያናችን በምትቀበለው መጽሐፈ ጦቢት ደግሞ ጦብያ ከመልአኩ ሩፋኤል ጋር ሲጓዝ ውሻ ይከተላቸዋል። የእኛን ልጅ ስለዚህ ስጠይቃት ሳቀች፤ «ሩፋኤል የለማ! እኔና ቡቺ ብቻ ነበርን።»

ወደ ለቅሶው ልመለስ። ውሻው በሞተበት ማታ አለቀሰች፤ ደረት እየመታች፣ ቤቱ እስኪደነግጥ። ማዳም አቀፈቻት። «ይሄን ያህል ትወደው ነበር» ብላ በማግስቱ ለመጡት ጓደኞቿ ተናገረች። ጓደኞቿ ሊያጽናኑ የመጡት ማዳምን ነበር፤ ቡናውን ያፈላችው እሷ ናት። አገሯ ቢሆን ለቅሶ የደረሰባት ሴት እሳት አታነድም፤ ጎረቤት ነው ንፍሮውን ቀቅሎ፣ እንጀራውን ተሸክሞ የሚመጣ። እዚህ ሐዘንተኛዋ ለአስተዛዛኝ ትሪ ይዛ ትዞራለች።

ማዳም ያላወቀችው ግን፣ ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ የልጅቷ እናት ሞታለች። መርዶው የደረሳት በስልክ ነው፤ ምሳ እየተሰናዳ፣ እንግዳ እየተጠበቀ። ፊቷን ታጥባ ሰላጣውን ከተፈች። «እርሟን አላወጣሁም ነበር» አለችኝ። «ያን ማታ ነው የወጣልኝ።»

ይህን ስሰማ ድርሰቴ አለቀልኝ ብዬ ተደስቼ እንደነበር ልናዘዝ። ውሻው ሰበብ ነው፣ ለቅሶው የእናት ነው፤ አንድ ሥር፣ ሁለት ቃል፣ ንጹሕ ትርጓሜ። ለቅሶ ቤት ገብታ በሰው ሬሳ የራሷን ሟች የምታለቅስ ሴትን ማን አያውቅም? እንዲያ ብዬ ነገርኳት። ስኒዋን አስቀመጠች። «አይደለም» አለች። «ለእናቴ አለቀስኩ፤ ለሱም አለቀስኩ። እናቴን በስሟ ጠራሁ፣ እሱንም በስሙ ጠራሁ። ማዳም እኮ ሰማችኝ፤ ‹ቡቺ ማነው?› ብላ ጠይቃኛለች።»

ምን ብላ መለሰች? «የአገሬ ቃል ነው አልኳት። የኔ ውድ ማለት ነው አልኳት።»

ከወር በኋላ ማዳም ሌላ ቡችላ አመጣች፤ ቡናማ፣ ጆሮው የረዘመ። በሩ እንደገና ጠዋትና ማታ ይከፈት ጀመር። ልጅቷ በዚህ መደሰቷ አሁንም ያሳፍራታል። «ደስ ያለኝ ለመውጫዬ ነው እንጂ ለሱ አይደለም» አለች፤ ከዚያ ጥቂት አስባ፣ «እሱ ምን አደረገኝ?» ብላ ጨመረች። የአንገት ማሰሪያውን በየቀኑ አንድ ቀዳዳ ታጠብቀው እንደነበር፣ ማዳም ደግሞ አንቆታል ብላ መልሳ ታላላው እንደነበር ነገረችኝ። ኮንትራቷ እስኪያልቅ ይዛው ወጥታለች።

ምን ብላ ትጠራው እንደነበር ጠየቅኳት።

«ና» አለች። «ዝም ብዬ ና ነበር የምለው።»