ሦስት ቀዳዳ ያለው ክዳን

ከእረፍት በኋላ ያለው ክፍለ ጊዜ ከሁሉም ይከብዳል። ልጆቹ ሮጠው፣ ተጋፍተው፣ አንዳንዱም አልቅሶ ነው የሚገባው። አዲስ አበባ ውስጥ የአራትና የአምስት ዓመት ልጆች የምታስተምር አንዲት መምህርት፣ ድሮ በዚህ ሰዓት እንደ ባልደረቦቿ «አርፋችሁ ተቀመጡ!» ትል ነበር። ይቀመጣሉ፤ አያርፉም። ከጠረጴዛው ሥር እግር መወዛወዙን፣ ክንድ መቆነጣጠሩን አይተውም።

አሁን ከክፍሉ ጀርባ፣ በግንቡና በውሃ ታንከሩ መካከል ወዳለችው ቦታ ትወስዳቸዋለች። ሁለት መደብ፣ አፈር የተሞሉ አሮጌ ጎማዎች፣ ክዳናቸው በምስማር የተበሳ የሃይላንድ ጠርሙሶች። ይኸው ነው። መጀመሪያ ክዳኑን እንደ ወንፊት በሳሳችው። ውሃው ዷ ብሎ ያልቅና ልጁ ሌላ ሊቀዳ ይሮጣል፤ ጓሮው የእረፍት ሰዓት ሜዳ ሆነ። ቀዳዳውን ሦስት ብቻ ስታደርገው ግን ልጁ ጠርሙሱን አዘቅዝቆ መቆም ግድ ሆነበት። ጠብታው አፈሩን ሲያጠቁር እያየ ይቆማል። ትከሻው ይወርዳል። «ተንፍሱ» ያለው ሰው የለም።

እንግሊዝኛ የሚያነቡ ባልደረቦቿ ይህን «ማይንድፉልነስ» ይሉታል። አያቷ በልጅነቷ «ቀልብሽን ሰብስቢ» ይሏት ነበር፤ ጎመን እየቀነጠሰች ሳለ እንጂ ባዶ እጇን ተቀምጣ አይደለም።

ልጅንና ጓሮን ማገናኘቱ ከሙያው ስም ጋርም የተያያዘ ነው። በወጣትነቱ ከደን ባለሙያ ሥር ተለማማጅ የነበረው ፍሬድሪክ ፍሮይበል፣ እ.ኤ.አ. በ1837 ጀርመን ውስጥ በባድ ብላንከንቡርግ የሕፃናት ተቋሙን ከፈተ፤ በ1840 ደግሞ «ኪንደርጋርተን»፣ የልጆች የአትክልት ቦታ አለው። ስሙ ምሳሌ ብቻ አልነበረም፤ እያንዳንዱ ልጅ የራሱ ቁራሽ መሬት ነበረው፣ ሁሉም በጋራ የሚንከባከቡት መደብም እንዲሁ። የፕሩሲያ መንግሥት በ1851 ከልክሎት እገዳው እስከ 1860 ዘለቀ፤ ልጆች ባቄላ መትከላቸው መንግሥት ያስፈራል ብሎ ማን ያስባል? የእኛም «አፀደ ሕፃናት» ያንኑ ስም ነው የተሸከመው፤ አፀድ አትክልት ያለበት ቅጥር ነውና። ይህን ስም በራቸው ላይ ጽፈው ግቢያቸውን ዳር እስከ ዳር ሲሚንቶ ያለበሱት ግን ጥቂት አይደሉም።

መምህርቷ በፌጦ ትጀምራለች። ልጆቹ ዘሩን በሰሃን ላይ በተዘረጋ እርጥብ ጥጥ ይበትኑታል። ጥቂት ቆይቶ እያንዳንዷ ቅንጣት የሚያንሸራትት፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ሽፋን ትለብሳለች። «ሚስ፣ ዓይን አወጣ!» አለች አንዷ፣ አፍንጫዋ ሰሃኑን ሊነካ ምንም ሳይቀረው። በሁለተኛው ቀን ነጭ ሥር ብቅ ይላል። ትዕግሥት ለጀመረ ልጅ ሁለት ቀን ይበቃዋል። ቀጥሎ ቦሎቄ ይመጣል፤ ክኩን ለሁለት ከፍሎ ከአፈር በላይ ስለሚያወጣው ለማየት ደስ ይላል። ባቄላ መጨረሻ ነው። ክኩን መሬት ውስጥ ትቶ፣ አሥር ቀን ያህል ምንም ሳያሳይ የሚያስጠብቅ ክፉ ነው።

በዚህ መሃል ነው አንድ ልጅ ባቄላውን በየጠዋቱ ቆፍሮ ማየት የጀመረው። መምህርቷ ተቆጣችው። ነገም ቆፈረ። ሁለት ፍሬ ከተበላሸበት በኋላ ጥፋቱ የእሷ መሆኑ ገባት፤ የልጁ ዓይን ራበው እንጂ አላጠፋም። በብርጭቆ ውስጥ እርጥብ ሶፍት ጠቅልላ፣ በሶፍቱና በመስታወቱ መካከል አንድ ባቄላ አስገብታ መስኮት ላይ አኖረችለት። ከዚያ ወዲህ ብርጭቆውን ያያል፣ አፈሩን ይተወዋል።

ሌላም ስሕተት ሠርታለች። ተክሉ ለረዘመለት ልጅ ኮከብ ስትለጥፍ፣ በሳምንቱ የጎረቤቱን ችግኝ የሚነቅል ተገኘ። ኮከቡ ቀረ። አፈር መንካት የሚጸየፍ ልጅም ሁልጊዜ አይጠፋም፤ እሱን አታስገድደውም፣ ውሃ ቀጂ ይሆናል። ዩኒፎርም ጭቃ በጭቃ ሆነ ብላ የመጣች እናት በበኩሏ የዋዛ አልነበረችም። መፍትሔው የአባት አሮጌ ሸሚዝ ሆነ፤ በግልባጭ ይለበሳል፣ ቁልፉ ከኋላ። ጉሎ በጓሮው አይተከልም፣ ፍሬው መርዝ ነው። ጤና አዳምም ዳር ላይ ብቻ ነው፤ ጭማቂው ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል።

በጓሮው የምታጫውታቸውን የዝምታ ጨዋታ የወሰደችው ከማሪያ ሞንቴሶሪ ነው። ሐኪሟ ሞንቴሶሪ እ.ኤ.አ. በ1907 ሮም ውስጥ የመጀመሪያውን የሕፃናት ቤት ከፈተች። አንድ ቀን የአራት ወር ሕፃን ክፍል ውስጥ ይዛ ገብታ፣ እንደ እሱ ፀጥ ማለት ይችሉ እንደሆነ ልጆቹን ጠየቀች፤ ከዚያም ስማቸውን አንድ በአንድ በሹክሹክታ መጥራት የጨዋታው አካል ሆነ። መምህርቷ ይህንኑ ከቆስጣው መደብ ዳር አምጥታዋለች። ቁጢጥ ብለው ያዳምጣሉ። ከግንቡ ማዶ ወያላው «ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ!» ይላል፣ ታንከሩ ይንጠባጠባል፣ ወፍ ቆርቆሮ ላይ ትራመዳለች። ስሙ በሹክሹክታ የተጠራ ተነስቶ ያጠጣል። «ዛሬ ምን ተማራችሁ?» አትልም፤ ጠይቃ አይታዋለች፣ የሰበሰቡት ቀልብ ወዲያው ይበተናል።

ባቄላው ሰኞ ጠዋት ወጣ፤ አንገቱን እንደ ከዘራ አጉብጦ፣ የአፈር ቅርፊት በጫንቃው ተሸክሞ። ቆፋሪው ልጅ በሆዱ ተኝቶ እያየው ነበር። ደወል ተደወለ። መምህርቷ ጥቂት ጠብቃ አጠገቡ ቁጢጥ አለች።

«ሚስ፣ ነገ ያብባል?»

«ነገ አያብብም። ገና ብዙ ቀን አለው።»

«እሺ» አለና አገጩን ወደ ክንዱ መለሰ።